ወጌሻውና የእትዬ አልጋነሽ ስእለት

ይህ የደረሰብኝ በየዓመቱ ከከተማ ከተማ የሚዞረው የእኛ ሰው የእግር ኳስ ውድድር ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የመጣ ጊዜ ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነበር። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ እንኳ ይጠፋኛል። ያን ቀን ግን ከነሙቀቱ አስታውሰዋለሁ። ሰው በእጄ ላይ ሊሞትብኝ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ ደስ ይለኛል፤ ማስጎብኘት እወዳለሁ። ባለቤቴ ሰብለ «ደመወዝ የሌለው አስጎብኚ» ትለኛለች። የት ጥሩ ቁርስ እንዳለ፣ የት ሥዕል እንደሚታይ፣ የትኛው ጫካ ውስጥ በእግር እንደሚኬድ ስልኬ ላይ ጽፌ አስቀምጣለሁ። እንግዳው ፈለገም አልፈለገም ዝርዝሩ እስኪያልቅ አልለቀውም።

ለውድድሩ ሳምንት ከሚኒሶታ የመጡልን እትዬ አልጋነሽ ነበሩ፤ የባለቤቴ አክስት። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ኳስ ወደው አይደለም። «ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ ለምን እቀራለሁ፤ ዘመዶቼን ልይ» ብለው ነው። የሰብለ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ጴንጤ ነኝ። ይህ በቤታችን ጠብ ሆኖ አያውቅም። እትዬም ገና በር ላይ አገላብጠው ስመውኝ «አንተ ጴንጤ፣ ከሳህ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰብለ ሥራ መግባት ነበረባት። ጫማዋን እያደረገች «እትዬን አደራ። ስኳር አለባቸው፤ አታድክማቸው» አለችኝ። እኔም «አታስቢ» አልኳት። ይቺ ቃል እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

መጀመሪያ የሄድነው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደምወደው ምግብ ቤት ነው። በውድድሩ ምክንያት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የየቡድኑን ማሊያ የለበሰ ሰው በር ላይ ተሰልፏል። ለእትዬ በቅቤ ያበደ ፍርፍር፣ ዱለትና እንቁላል አዘዝኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ትሪው አልሰደዱም።

«በልቼ ነው የወጣሁት ልጄ።»

«መቼ በሉ? ከተነሱ ጀምሮ አብረን አይደለን እንዴ?»

«ማልጄ ቀማምሻለሁ።»

«በሞቴ እትዬ! አንዲት ጉርሻ።»

«አትሙትብኝ! ለመንገድ አስቋጥርልኝ፤ ሲርበኝ እበላዋለሁ።»

መቼም በእኛ ባህል እንግዳ «በቃኝ» ካለ ገና መብላት አልጀመረም ማለት ነው። ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። አስቋጠርኩላቸው። እንዲያውም ጨዋነታቸው ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። እዚያ ወንዙ ዳር ሰዓሊዎች ተሰባስበው የሚሠሩበት ቤት አለ፤ በየክፍሉ እየገቡ ሲሥሉ ማየት ይቻላል። እትዬ አንድ የወንዝ ሥዕል ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና አልነሳ አሉ። አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት ሆነ። ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እንዴት ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ውሃው ይንቀሳቀሳል» አሉ ዝግ ብለው።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሥዕል ገባቸው ብዬ ለሰብለ ቴክስት አደረግኩላት። ሴትዮዋ እያዞራቸው እንደሆነ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ሦስተኛው የጉብኝት ፕሮግራሜ የእግር መንገድ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙን ተከትሎ በዛፎች መካከል የሚሄድ፣ ረግረጉ ላይ ሲደርስ በእንጨት ድልድይ የሚያልፍ መንገድ ነው። ሙቀቱ ገና በአምስት ሰዓት ያቃጥል ነበር። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ እተርካለሁ። «ያ ከላይ የሚያንዣብበው ንስር ነው» አልኳቸው። ኋላ ሲጣራ ተራ ጥምብ አንሳ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሰብስበው ከኋላዬ እየቀሩ መጡ።

«እንመለስ ይሆን?» አሉኝ አንድ ጊዜ።

«ትንሽ ነው የቀረን። ድልድዩን ሳያዩ?»

«እሺ» አሉ።

ድልድዩ መካከል ስንደርስ መከለያውን ይዘው ቆሙ፤ ቀስ ብለውም ጣውላው ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ስይዘው በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል፤ በላብ ተጠምቋል። ይንቀጠቀጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ተስፋዬ፣ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ገባ» አሉኝ።

ተስፋዬ ልጃቸው ነው፤ ሚኒሶታ ነው ያለው። እንደምንም 911 ደወልኩ። የት እንዳለሁ ስጠየቅ ያ ሁሉ አስጎብኚነቴ ጠፋና የድልድዩን ስም እንኳ መናገር አቃተኝ።

በዚህ መካከል ከኋላችን የሰው ድምፅ መጣ። አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰባት ስምንት ሆነው የሚሄዱ የእኛ ልጆች ነበሩ። ከዴንቨር የመጡ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጨዋታቸው ወደ ማታ ስለሆነ ወንዙን ሊያዩ ወጥተዋል። አንደኛው ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ያለንበትን ማስረዳት ጀመረ። ሌላው «ወጌሻ! ወጌሻ! ና ቶሎ!» ብሎ ወደ ኋላ ተጣራ።

ጀርባው ላይ ቦርሳ ያዘለ ቀጭን ሰው እየሮጠ መጣ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። አጭር ጺም አለው፤ ኮፍያ አድርጓል። አጠገባቸው ተንበርክኮ የልብ ምታቸውን ያዘ። አያያዙ የሐኪም ቤት ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

«ስኳር አለባቸው?»

«አዎ።»

«ሹገራቸው በጣም ወርዷል። ምን በልተዋል?»

«ቁርስ ወስጃቸው…»

«አልበላሁም» አሉ እትዬ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ኪኒኔን ግን ውጫለሁ።»

ወጌሻው ከቦርሳው ጁስ አወጣና ክዳኑን ከፍቶ ወደ አፋቸው አስጠጋው። እትዬ ፊታቸውን አዞሩ። ጥርሳቸውን ነከሱ።

«ጾም ላይ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።»

«የምን ጾም?» ብዬ ጮኽኩ። «ፋሲካ ካለፈ ስንት ጊዜው!»

«የሰኔ ጾም ነው» አለኝ ወጌሻው በቀስታ። «የሐዋርያት።»

ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠልኝ። ስለ ሰኔ ጾም ድሮ ሰምቻለሁ፤ ግን «የቄስ ጾም ነው» ሲባል ስለማውቅ ምእመን ይጾመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያለፉትን ሁለት ቀን ማታ ማታ ሽሮ ብቻ ሲበሉም ለስኳሩ ነው ብዬ ነበር። የእኔ በሞቴ፣ የእኔ ዱለት፣ የእኔ ቅቤ! ሴትዮዋ እኔን ላለማሳፈር ሲሉ ጾማቸውን ደብቀው፣ ያንን ሁሉ መንገድ ባዶ ሆዳቸውን ከኋላዬ ተከትለውኛል።

ወጌሻው ለመናቸው። «እናቴ፣ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ይህን ካልጠጡ ራስዎን ይስታሉ። ከዚያ በኋላ በአፍ ልንሰጥዎ አንችልም።» እምቢ አሉ። እኔም «እግዚአብሔር እንዲሞቱ አይፈልግም!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«አንተ ዝም በል» አሉኝ። «ይኼ ያንተ ነገር አይደለም።»

እውነቱን ልናገር፤ ተናደድኩ። አፋቸውን በግድ ፈልቅቄ ላጠጣቸው አስቤ ነበር። እጄንም ዘርግቻለሁ። ወጌሻው ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ እትዬ እንባቸው እየወረደ መናገር ጀመሩ።

«ስእለት ነው። ተስፋዬ የታመመ ጊዜ ሐኪሞቹ ተሰናበቺው ብለውኝ ነበር። ካተረፍክልኝ የሐዋርያትን ጾም እስክሞት ሰዓቱን ጠብቄ እጾማለሁ አልኩ። ተነሳልኝ። ዛሬ ብሽረው፣ መልሶ ቢወስድብኝስ?»

ለካ ግትር አልነበሩም። ፈርተው ነው። እኚህ እናት በዚያች ሰዓት ከጁሱና ከልጃቸው ነፍስ አንዱን ምረጪ የተባሉ መስሏቸው ነበር። የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩት። ሩቅ ቦታ የአምቡላንስ ድምፅ ይሰማል፤ ግን መኪና ድልድዩ ድረስ አይገባም፤ በእግር ብዙ ይቀራቸዋል። የእትዬ አንገት ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ።

ወጌሻው ጁሱን መሬት አስቀመጠ። ቦርሳውን ወደራሱ ሳበና የውስጥ ኪሱን ከፈተ። ከፋሻውና ለውጋት ከሚነፋው መድኃኒት መካከል በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው የእንጨት መስቀል ነው። ኮፍያውን አወለቀ። ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ ኮፍያቸውን አወለቁ። እነሱ ያውቁ ነበር፤ የማናውቀው እኔና እትዬ ብቻ ነን።

«እናቴ፣ ቄስ ነኝ» አለ።

ከዚህ በኋላ አንቱ ነው የምላቸው። እትዬ አልጋነሽም በዚያ ድካማቸው መስቀሉን ሲያዩ ቀና ለማለት ታገሉ። የልጃቸው እኩያ የሚሆኑትን ሰው «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሏቸው።

«ስእለትዎ አይሻርም» አሉ ቄሱ። «እኔም እየጾምኩ ነው። የራሴ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ያለውን ደግሞ ስለ እርስዎ እጾማለሁ። እህልም ውሃም አልቀምስም። የጎደለውን ሰዓት ለእኔ ይስጡኝ።»

«ቢጎድልስ አባቴ?»

«ከጎደለ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጅዎን የሚጠይቀው የለም።»

የእትዬ ዓይን የቄሱን ፊት ይመረምር ነበር፤ እውነተኛነታቸውን የሚያጣሩ ይመስላል። ከዚያ ራሳቸውን ወደ መስቀሉ ዘንበል አደረጉ። ቄሱ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እያሉ ግንባራቸውንም ከንፈራቸውንም አሳለሟቸው። ወዲያው ጁሱን አነሱ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ።

ቀስ እያሉ ጠጡ። እኔ ጣውላው ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ጉንጭ ከእሳቸው ጋር እውጥ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ዞር ብለው አዩኝና በራሴ ስም ጠሩኝ። «ምነው እንዲህ ገረጣህ? አንተም አልበላህም እንዴ?» አሉኝ። ተጫዋቾቹ ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ደርሰው ለኩላቸው፤ ስኳራቸው እየተመለሰ ነው አሉ። እትዬ ሆስፒታል አልሄድም ብለው ነበር። ሰብለ በስልክ ተቆጥታ አስገደደቻቸው። እኔን የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ሆስፒታል ጥቂት ሰዓት አቆይተው፣ ምግብ አብልተው፣ ደህና ናቸው ብለው ለቀቁን።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ሰብለ ከሥራ በቀጥታ መጥታ «አሁን ወደ ቤት፣ ወደ አልጋ» አለች። እትዬ መኪናው በር ላይ ቆሙ።

«እኚያ አባት በእኔ ፋንታ ውሃ ሳይቀምሱ እየዋሉ እኔ ጠግቤ ልተኛ? ወደ ሜዳው ውሰዱኝ።»

ሰብለ ብትለምን ብትቆጣ አልሆነም። ወሰድናቸው።

ሜዳው ዙሪያ ድንኳን በድንኳን ነው። ክትፎ ይለነቀጣል፤ ጥብስ ይጨሳል። አንዱ ጥግ ማሲንቆ ተይዟል፤ ሌላው ጥግ የሰው ፊት ፈጥኖ የሚሥል ሰዓሊ ወረፋ አስይዟል። በሌላ ቀን ቢሆን ሁሉንም ለእትዬ አንድ በአንድ ባስረዳሁ ነበር። ያን ቀን አስጎብኚነት አስጠልቶኝ ነበር። ተጣጣፊ ወንበር ዛፍ ጥላ ሥር ዘረጋሁላቸውና አጠገባቸው ቆምኩ።

የዴንቨር ቡድን ጨዋታ ሲጀመር ሰው ሁሉ ኳሷን ያያል። እኛ ሦስታችን የምናየው ወጌሻውን ነበር።

ሥራቸው ውሃ ማጠጣት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እግራቸው ሥር በበረዶ የተሞላ ሳጥን አለ። ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ጠርሙስ ይዘው ይሮጣሉ። ያጠጣሉ፣ አናቱ ላይ ያፈስሱለታል፣ ተመልሰው ባዶውን ይሞላሉ። ቱታቸው ከላብ የተነሳ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። አሠልጣኙ አንድ ኩባያ ውሃ ሲሰጧቸው አየሁ። ተቀበሉና አጠገባቸው ለተቀመጠው ተቀያሪ ተጫዋች አቀበሉት።

ከእረፍት በኋላ አንዱን ልጅ ቁርጠት ያዘውና ወደቀ። ሮጠው ገቡ። በአንድ እጃቸው እግሩን እየሳቡ በሌላው አጠጡት። ውሃው ሞልቶ ፈስሶ በክንዳቸው ላይ እስከ ክርናቸው ወረደ። በፎጣ ጠረጉት። እጄ ላይ የራሴ ጠርሙስ ነበር፤ መክፈት ግን አቃተኝ። የቀኑ የሹፌርነት ድካም፣ ሙቀቱ፣ ድንጋጤው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ መገረም። እኚህ ሰው እትዬን ከዚያ ቀን በፊት አያውቋቸውም። ተስፋዬን ጨርሶ አያውቁትም።

ማን እንዳሸነፈ ዛሬም አላውቅም። ፊሽካው ሲነፋ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ተጫዋቾቹ ወደ ምግቡ ድንኳን ሲሄዱ ቄሱ ጠርሙሶቹን እየሰበሰቡ ብቻቸውን ቀሩ። እትዬ ኩባያ ውሃ ቀድተው ተነሱ። ክንዴን ይዘው፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ በሳሩ ላይ ተራመዱ።

ቄሱ ሲያዩአቸው ደንግጠው ቀና አሉ። «እናቴ! ለምን አላረፉም?»

እትዬ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። «ይብቃዎ አባቴ። ፀሐይዋ ለእኔ ገብታለች።»

ቄሱ ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ፈገግ ብለው «ለእርስዎስ ገብታ ይሆናል» አሉ። «እኔ ግን ለልጅዎ ነው የምጠብቃት።»

ኩባያውን አልተቀበሉም። እትዬም አልመለሱትም። እንደያዙት ቆሙ። እኔና ሰብለም ቆምን። ከኋላችን ዘፈን፣ ሳቅ፣ የልጆች ጩኸት አለ። አራታችን ግን አንዲት ቃል ሳንናገር ፀሐይዋን እናያለን። በሕይወቴ ፀሐይ እስክትገባ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። የእትዬን እጅ ከሥር ደገፍኩላቸው።

ገባች። ቄሱ አማተቡ። አጭር ጸሎት በለሆሳስ አደረሱና ኩባያውን ከእትዬ እጅ ተቀብለው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

እኔ አሁንም ጴንጤ ነኝ፤ ስለ ጾም የማምነውም አልተለወጠም። በቸርቻችን ስለ ፍቅር ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ አሜንም ብያለሁ። አሁን ግን ቃሉ ሲነሳ የሚታየኝ ያ ከክርናቸው ላይ የጠረጉት ውሃ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝም ዝርዝሬን ከማውጣቴ በፊት «ዛሬ ጾም ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰብለ ትስቅብኛለች።

ባለፈው ተስፋዬ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። «እማዬን እንዴት አድርገህ ነው ያስጎበኘሃት? ስለዚያ ወንዝ አውርታ አልጠገበችም» አለኝ። ስለ ስእለቱ የሚያውቀው ነገር የለም። እትዬ «ልጄ የእኔን ጾም ተሸክሞ አይኑር» ብለው ለእሱ እንዳልነግረው አስምለውኛል። ስለዚህ ስሞቹን ሁሉ ቀይሬ ነው እዚህ የጻፍኩት። እሱ ሲያመሰግነኝ እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ፊቱን እንኳ አይተውት የማያውቁ አንድ ሰው፣ እጃቸው ላይ ውሃ እየፈሰሰ፣ ለእሱ ብለው ሲጠሙ ውለዋል።